የዋዟ አቧራ

ልጁ የኮምፕሬሰሩን ጫፍ ወደ ፍሬኑ ታምቡር አስጠጋና ለቀቀው። ፉሽሽ! ግራጫ አቧራ ቡን ብሎ ተነሣ። ፊቱን አለበሰው። ቅንድቡ ላይ፣ የቲሸርቱ አንገትጌ ላይ ተኛ። ልጁ ሳቀ። እኔም ሳቅኩ። ቡናዬን ይዤ ሁለት ሜትር ያህል ርቄ ቆሜ ነበር። ፀሐይዋ ልትጠልቅ አዘንብላለች። አቧራው በብርሃኑ ውስጥ ሲንሳፈፍ ትዝ ይለኛል። ቶሎ አልወረደም።

ያ አቧራ ምን ሊሆን እንደሚችል ያወቅኩት ከሦስት ወር በኋላ ነው።

ልጁ ተማሪዬ ነው። እኔ ቢሾፍቱ ሁለተኛ ደረጃ ፊዚክስ አስተምራለሁ። እሱ 17 ዓመቱ ነው፤ 11ኛ ክፍል። ክረምት ላይ ትምህርት ሲዘጋ «ቲቸር፣ ዋዟን አብሬ ልሥራ?» ብሎ መጣ። ዋዟ ግቢዬ ውስጥ የማድሳት የድሮ የሶቭየት የጦር ጂፕ ናት። እጁ ሥራ ይወዳል። እሺ አልኩት። ከዚያ በኋላ አስቸጋሪውን ሥራ ሁሉ እሱ ሠራው። ከመኪናዋ ሥር የሚገባው እሱ ነው። ታምቡር የሚያጸዳው፣ ዝገት የሚፍቀው፣ ቤንዚን በቱቦ የሚስበው እሱ ነው። በደል አልመሰለኝም። በየጋራዡ እንዲያ ነው። መካኒኩ ያዛል፣ ረዳቱ ይገባል። ስለ አሮጌ የጦር መኪና ጥንቃቄ ሲወራ ግን ምክሩ ሁሌ ለባለቤቱ ነው። እኔ ዛሬ ማውራት የምፈልገው ስለ ረዳቱ ነው።

ዋዝን የማያውቅ የኔ ዘመን ሰው ያለ አይመስለኝም። የካድሬ መኪና ነበረች፤ የአዛዥ መኪና ነበረች። ስሟ የፋብሪካዋ ምሕጻረ ቃል ነው፤ የኡሊያኖቭስክ አውቶሞቢል ፋብሪካ። ኡሊያኖቭስክ በቮልጋ ወንዝ ዳር ያለች ከተማ ናት። ስሟ የተወሰደው እዚያ ከተወለደው ከሌኒን የቤተሰብ ስም ነው። ዋዝ 469 በብዛት መመረት የጀመረችው እ.ኤ.አ. በ1972 መጨረሻ ነው። እኛ ዘንድ ከዚያ በፊት የነበሩት በ1945 ዓ.ም. ከተፈረመው ስምምነት በኋላ የመጡ የአሜሪካ ጂፖችና የጭነት መኪናዎች ናቸው። ደርግ በሚያዝያ 1969 ዓ.ም. የአሜሪካንን ወታደራዊ ተቋማት ዘግቶ ፊቱን ወደ ሞስኮ ሲያዞር ዋዙም፣ ኡራልና ዚል የሚባሉት የጭነት መኪናዎችም ገቡ። የሚገርመው የጋራዣችን ቋንቋ አልተለወጠም። መኪናው የሩሲያ ነው፤ ቃሉ ግን እስከ ዛሬ የጣሊያን ነው። ፍሬን፣ ካንዴላ፣ ፍሪሲዮን፣ ማኖቬላ።

አባቴ በኦጋዴን ጦርነት ጊዜ ሾፌር ነበር። የነዳው ዋዝ ነው። ስለ ጦርነቱ ብዙ አያወራም ነበር፤ ስለ መኪናዋ ግን ካነሣችሁበት አያቆምም። ካረፈ በኋላ አንዷን ላድስ ብዬ ተነሣሁ። ያገኘኋት በሁለት ሰው እጅ አልፋ ነው። መጀመሪያ በጨረታ የገዛት ሰው፣ ከዚያ አንድ ገበሬ፣ ከዚያ እኔ። ጣሪያ ሸራ የላትም። ግራ በሩ በሽቦ ታስሯል። የኋላ ወንበሯ ላይ ዶሮ ያድር ነበር።

ግቢ ስትገባ ሃምሳ አለቃን ጠራኋቸው። የጦሩ መካኒክ ነበሩ። ጡረታ ከወጡ ቆይተዋል፤ ሰፈሩ ግን ዛሬም በማዕረጋቸው ነው የሚጠራቸው። ሲመጡ ሞተሩን ይከፍታሉ ብዬ ነበር። አልከፈቱም። የእጅ ባትሪ አበሩና ወንበር ሥር፣ የዕቃ ሳጥን ውስጥ፣ በሻንሲው ክፍተቶች ውስጥ ማየት ጀመሩ። አንድ ሰዓት ፈጀባቸው። ልጁ ሊያግዝ ብሎ እጁን ወደ ሳጥኑ ሲሰድ «ተው!» ብለው ጮሁበት። «ዐይን ያልገባበት እጅ አይገባም።»

የሚፈልጉት ፈንጂ ነው። ያገኙት ሁለት ባዶ ቀለሃና አንድ የዛገ ማንኪያ ነበር። እንግሊዝ አገር እ.ኤ.አ. በ2017 አንድ ታንክ ሰብሳቢ የገዛውን የኢራቅ ታንክ ጥይት ቀርቶበት እንደሆነ ሲፈትሽ፣ ነዳጅ ማጠራቀሚያው ውስጥ አምስት ጥፍጥፍ ወርቅ አገኘ። ዜናው ዓለምን ዞረ። ሁሉም ያወራው ስለ ወርቁ ነው። እኔ የያዝኩት ሰውየው መጀመሪያ የፈለገው ጥይት መሆኑን ነው። ሥራውን የሚያውቅ ሰው እንዲያ ነው የሚጀምረው። እኛ አገር ደግሞ ለቆራሌው የሚሸጥ ብረት ሲለቅም የተጎዳ ልጅ ታሪክ ያልሰማ የለም። ከግንባር የዞረ መኪና ውስጥ የማታውቁት ነገር ካያችሁ አትንኩት፣ አታንቀሳቅሱት። ሰው አርቁና ለፖሊስ ደውሉ።

ያን ቀን ዋዟ ንጹሕ ናት ተባለ። ከባዱ ነገር ያለፈ መሰለኝ።

ወደ አቧራው ልመለስ። የፍሬን ሸራ ታምቡሩን ከውስጥ እየተፋጨ መኪናዋን የሚያቆማት ነው። የድሮው ሸራ ውስጥ አስቤስቶስ ነበር። አስቤስቶስ ከመሬት የሚቆፈር ማዕድን ነው፤ ግን እንደ ጥጥ ክር ክር ይላል። እሳት አይበላውም። ርካሽም ነው። ለፍሬን፣ ለፍሪሲዮን፣ ለሞተር ጓርኒሲዮን፣ በጭስ ማውጫ ላይ ለሚጠመጠም ጨርቅ ከሱ የተሻለ አልነበረም። ሶቭየቶች ደግሞ ሞልቷቸዋል። በኡራል ተራሮች አካባቢ ስሟ ራሱ «አስቤስት» የሆነ ከተማ አለች። ዛሬም ይቆፈርባታል።

ሸራው በተፋጨ ቁጥር ይደቅቃል። ታምቡሩ ሸራውን እንደ ክዳን የሚሸፍን ብረት ስለሆነ ብናኙ እዚያው ይጠራቀማል፤ ለዐሥርት ዓመታት። ከዚያ አንድ ሰው ይመጣና ከፍቶ ንፋስ ይለቅበታል። አደገኞቹ ክሮች በዐይን አይታዩም። ሳንባ ውስጥ ከገቡ ሰውነት አያሟሟቸውም። ሳንባ ላይ ጠባሳ ይፈጥራሉ፣ ካንሰር ያመጣሉ። በሽታው ብቅ የሚለው ከ20፣ ከ30፣ ከ40 ዓመት በኋላ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚለው በሥራ ቦታ በሚገጥም አስቤስቶስ ምክንያት በየዓመቱ ከ200 ሺህ በላይ ሰው ይሞታል። በ17 ላይ 40 ጨምሩ። 57 ነው። ልጁ ያኔ የልጅ ልጅ የሚያይበት ዕድሜ ነው።

ያወቅኩት በአጋጣሚ ነው። እህቴ አሜሪካ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ትኖራለች። ባሏ እዚያ ጋራዥ ይሠራል። በቪዲዮ ስናወራ ስልኬን ወደ ታምቡሩ አዞርኩና «እንዴት እንዳበራነው እየው» አልኩት። ዝም አለ። «በምን አጸዳችሁት?» አለኝ። ነገርኩት። «ማነው ያጸዳው?» አለኝ። እሱንም ነገርኩት። ከዚያ የተናገረውን ረጅም ነገር ሁሉ አላስታውስም። «እዚህ ታምቡር በንፋስ ብነፋ ከሥራ ያባርሩኛል» ማለቱን ግን አስታውሳለሁ።

አሁን የምንሠራው እንዲህ ነው። ታምቡሩ ሊወልቅ ሲል ሥሩ ላስቲክ ይነጠፋል። ውኃ ከጥቂት ሳሙና ጋር በመርጫ ይረጫል፤ ሁሉም ነገር እስኪርስ። ከዚያ በእርጥብ ጨርቅ ቀስ ተብሎ ይጠረጋል። ጨርቁ ሳይደርቅ ፌስታል ውስጥ ይገባል፤ ፌስታሉ ሌላ ፌስታል ውስጥ ይገባል፤ ይታሰራል። ያ ጨርቅ ታጥቦ አይመለስም። መጥረጊያ አይነካም። ኮምፕሬሰሩ ጠፍቶ፣ መስመሩ ተነቅሎ ነው የምንጀምረው። ጭምብሉም በኮሮና ጊዜ ያደረግነው ዓይነት አይደለም፤ ያ ለዚህ አይሆንም። እህቴ የላከችልን ግማሽ ፊት የሚይዝ የጎማ ጭምብል ነው። በሁለት ጎኑ ወይን ጠጅ ቀለም ያላቸው ማጣሪያዎች አሉት፤ ፒ 100 ይባላሉ። ጢም ላይ አይገጥምም። በጢሙ በኩል አየር ያስገባል። ሃምሳ አለቃ ይህን ሲሰሙ በማግስቱ ያን ሁሉ ነጭ ጢማቸውን ተላጭተው መጡ። ምንም አላሉም። ጭምብሉን ተቀብለው ለኩት።

አዲሱን ሸራ የገዛሁት ከሶማሌ ተራ ነው። ሻጩን አስቤስቶስ እንዳለበት ስጠይቀው ግራ ገባው። «ኦሪጅናል ነው» አለኝ። ኦሪጅናል መሆኑ ነው የሚያስፈራኝ። የካርቶኑን ጽሑፍ አንብቤ፣ አስቤስቶስ የለበትም የሚለውን እስካገኝ አራት ሱቅ ዞርኩ።

ስለ ጎማ ደግሞ ከሁሉ በፊት እኔ ማወቅ ነበረብኝ። ግፊት ማለት ኃይል ሲካፈል ለስፋት ነው ብዬ በየዓመቱ ሰሌዳ ላይ እጽፋለሁ።

ሃምሳ አለቃ የግራ እጃቸው ሦስት ጣት ብቻ ነው ያለው። ጦርነት ላይ ነው ብዬ ነበር የማስበው። ነውር ስለመሰለኝ ጠይቄያቸው አላውቅም። አንድ ቅዳሜ ጎረቤት ግቢ ከቆመ አሮጌ ኡራል ላይ ጎማ ሊያወርዱ ሰዎች ተሰበሰቡ። ልጁ መዶሻ ይዞ ሊያግዝ ሮጠ። ሃምሳ አለቃ ከተቀመጡበት ተነሡና ሄደው እጁን ያዙት፤ በዚያች በሦስት ጣት እጃቸው። «ይህን ያደረገው ጥይት አይደለም» አሉት። «ጎማ ነው።»

ያኔ ረዳት ነበሩ። እንደ ልጁ። አለቃቸው ንፋሱ ሳይወጣ የቸርኬውን የብረት ቀለበት በመዶሻ ነካ ነካ አድርገው አላቸው። አደረጉ። አጠገባቸው ሌላ ወጣት ወታደር ተደግፎ ይስቅ ነበር። እሱ አልተረፈም። ከዚህ በላይ አልነገሩንም። እኛም አልጠየቅንም።

ብዙ የድሮ የጦር የጭነት መኪና ቸርኬ አንድ ወጥ አይደለም። ጎማው የሚገባበት በኩል ተነቃይ የብረት ቀለበት አለው። ጎማውን ይዞ የሚያቆየው ያ ቀለበት ነው፤ ቀለበቱን ደግሞ ይዞ የሚያቆየው ቦታው ላይ በትክክል መቀመጡ ብቻ ነው። ከዛገ፣ ከተጣመመ፣ የሌላ ቸርኬ ቀለበት ከሆነ የሚይዘው የለም። ስሌቱን ለልጁ ሰኞ ዕለት በወረቀት ሠራሁለት። የኡራል ጎማ አንድ ጎኑ ብቻ ስፋቱ ወደ 10 ሺህ ካሬ ሴንቲሜትር ይጠጋል። በእያንዳንዷ ካሬ ሴንቲሜትር ላይ 3 ኪሎ ግፊት አለ በሉ። 30 ሺህ ኪሎ፤ 30 ቶን ነው። ሁሉም ቀለበቱ ላይ አያርፍም። ሲሶው ቢያርፍ እንኳ 10 ቶን ነው። ልጁ ወረቀቱን አጥፎ ኪሱ ከተተው። ሁለት ዓመት ያስተማርኩትን ቀመር ያን ቀን ነው ያየው ይመስለኛል። እኔም ያን ቀን ነው ያየሁት።

ስለዚህ የንፋስ መግቢያው ውስጥ ያለችው ትንሿ ብረት ወጥታ፣ ጎማው ጨርሶ ሟሽሾ ካልሆነ አንድም ብሎን አይፈታም። ንፋስ ያለበት ቀለበት በመዶሻ አይነካም። ሲነፋ ረጅም ቱቦ፣ ራሱን ችሎ የሚይዝ ጫፍ፤ ሰው ደግሞ ከጎን እንጂ ከፊት አይቆምም። የአሜሪካ መንግሥት እ.ኤ.አ. በ1980 ባወጣው ደንብ እንዲህ ያሉ ቸርኬዎች ተገጥመው ሲነፉ፣ ቀለበቱ ቢፈናጠር የሚይዝ የብረት ቤት ውስጥ መግባት አለባቸው። ሌላም ዓይነት አለ። ሁለት ግማሽ ሆኖ በብሎን የሚጋጠም ቸርኬ ነው፤ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጂፖች ላይ ይገኛል። እሱ ላይ ሁለት ዙር ዳዶ አለ። አንዱ ዙር ጎማውን ከመኪናው ይፈታል። ሌላው ዙር ቸርኬውን ራሱን ለሁለት ይከፍለዋል። ጎማው እንደተነፋ የተሳሳተውን ዙር የፈታ ሰው የሚያስተካክልበት ጊዜ የለውም። እንግሊዞች በጦር መኪኖቻቸው ላይ የማይነካውን ዙር ቀይ ቀለም ይቀቡት ነበር። ቀለም ርካሽ ነው። የናንተ መኪና እንዲህ ያለ ቸርኬ ካለው ዛሬውኑ ቀቡት።

የዋዟ ቸርኬ አንድ ወጥ ነው፤ ይህ ስጋት የለባትም። ኡራሉ ግን የብረት ቤት ያለው ጎሚስታ እስኪገኝ እንደተኛ ነው። ባለቤቱ ትንሽ ተቀይሞናል።

ክሪክ ላይ ብዙ አልቆይም። ክሪክ ያነሣል እንጂ አይሸከምም። ድንጋይም አይሸከምም፤ ይሰነጠቃል። የብረት ማቆሚያ እስክናሠራ ድረስ ማንም ከሥሯ እንዳይገባ ከለከልኩ። ሁለት ሳምንት ሥራ ቆመ። ይቁም።

ቤንዚን ግን ያስፈራኛል። ዋዝ ሁለት ሰልባትዮ፣ ማለትም የቤንዚን ማጠራቀሚያ፣ አላት፤ ከፊት ወንበሮች ሥር፣ አንዱ በግራ አንዱ በቀኝ። ሾፌሩ የሚቀመጠው ቤንዚን ላይ ነው። የግራው ተበስቶ ነበር። በያጅ ዘንድ ወሰድነው። «ባዶ ነው እኮ፣ አሁን እደፍነዋለሁ» አለን። አፍንጫዬን ወደ ቀዳዳው አስጠጋሁ። ስንት ዓመት የደረቀ ሰልባትዮ ቤንዚን ቤንዚን ይሸታል። የሚቀጣጠለው ፈሳሹ አይደለም፤ ከአየር ጋር የተቀላቀለው ትነቱ ነው። ሙሉ ሰልባትዮ ውስጥ ለትነት ቦታ የለም። ባዶው ነው ቦምቡ። ብየዳ ይቅር ብዬ ይዤው ተመለስኩ። ሁለቱንም ከአዲስ ላሜራ አሠራናቸው። ገንዘቡ ከበደኝ፤ የዚያ ወር ደመወዝ አብዛኛው እዚያ ሄደ። አልቆጨኝም።

ቤንዚን በአፍ መሳብም ቀርቷል። አንድ ጉንጭ ወደ ሳንባ ከገባ የሳንባ ምች ያመጣል፤ ልጅ ይገድላል። የእጅ ፓምፕ ገዝተን ምስማር ላይ ሰቅለነዋል።

አንድ ነገር ለበያጆች። ክሎሪን ባለበት የቅባት ማጽጃ የታጠበ ብረት ሳይደርቅ አይበየድም። ሙቀቱና የብየዳው ብርሃን ማጽጃውን ወደ ፎስጂን ይለውጠዋል። ፎስጂን በአንደኛው የዓለም ጦርነት ሰው የጨረሰ ጋዝ ነው። በድሮ ጂፖች ላይ ታስሮ የሚገኘው የሚያምር የነሐስ እሳት ማጥፊያም ያው ነው። ብዙዎቹ ውስጥ ያለው ካርቦን ቴትራክሎራይድ የሚባል ፈሳሽ ነው። ጉበት ይጎዳል፤ እሳት ሲነካው ደግሞ ፎስጂን ይወጣዋል። ሳትከፍቱ ለጌጥ አስቀምጡት ማለትም አልፈልግም፤ ሊያፈስ ይችላል።

ምናለሽ ተራ ዕቃ ስንፈልግ ልጁ አንድ ካርቶን ሙሉ የድሮ ሰዓትና ጌጅ አገኘ። ቁጥሮቹና ቀስቶቹ ላይ ቢጫ ቀለም ተቀብቷል። ድሮ በጨለማ የሚያበራ ነበር፤ አሁን አያበራም። ልጁ በጥፍሩ ሊፍቀው ሲል ሃምሳ አለቃ ሳይሆኑ እኔ ነኝ የጮህኩት። ይህን ቢያንስ አውቃለሁ። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ዘመን በተሠሩ አንዳንድ ጌጆችና ኮምፓሶች ላይ ያለው ቀለም ራዲየም አለበት። ብርሃኑ የጠፋው ከራዲየሙ ጋር ያለው ሌላው ኬሚካል ስላረጀ ነው። ራዲየሙ ግን አለ። ግማሽ ዕድሜው 1,600 ዓመት ነው። ከመስታወቱ ውስጥ እስካለ ድረስ ትልቁ ነገር አለመክፈት ነው። ብናኙ ወደ አፍ ወይ ወደ ሳንባ ከገባ አጥንት ውስጥ ይቀመጣል። ካርቶኑን መልሰን አስቀመጥነው። ለሻጩ ነገርኩት። ሰምቶኝ እንደሆነ አላውቅም፤ እጁን ግን በሱሪው ጠረገ።

ዋዟ የተነሣችው በኅዳር ነው። ማስነሻዋ ሞተሪኖ አልደረሰም ነበርና በማኖቬላ፣ በእጅ በሚዞረው ማስነሻ ብረት፣ ሞከርናት። ልጁ ማኖቬላውን አንሥቶ ጨበጠ፤ አውራ ጣቱን በእጀታው ዙሪያ ጠምጥሞ። ሃምሳ አለቃ ጎንበስ ብለው ጣቱን አላቀቁትና ከሌሎቹ ጣቶች ጎን፣ በአንድ ወገን አስተኙት። «ሞተር ይመታል» አሉት። «ቀድሞ ከተኮሰ ማኖቬላው ወደ ኋላ ይዞራል። የተጠመጠመ ጣት ይሰብራል። የተዘረጋ ጣት ያመልጣል።» ከዚያ ከታች ወደ ላይ እንዲስብ፣ ከላይ ወደ ታች እንዳይገፋ አሳዩት። ማርሹ ዜሮ መሆኑን ሁለት ጊዜ አዩ። ጎማዎቹ ታኮ ተደርጎላቸዋል። በሦስተኛው ስባት ተነሣች። ግቢው በጭስ ተሞላ። አባቴ ያስመስለው የነበረው ድምፅ ነው፤ ዝቅ ያለ፣ ጉሮሮው የደረቀ ሰው የሚመስል። ጥቂት ጊዜ ወደ ጓሮ ሄጄ ቆየሁ።

የቀረው ቀለም ነበር። የድሮ የጦር ቀለም ውስጥ እርሳስ የሚባለው መርዛማ ብረት ሊኖር ይችላል፤ ከሥር በሚቀባው ቢጫ መነሻ ቀለም ውስጥ ደግሞ ክሮሜት የሚባል መርዝ። በደረቅ ብርጭቆ ወረቀት ሲፋቅ ብናኙ ልብስ ላይ ያርፋል። ይህን ለልጁ እያስረዳሁ ሳለ አንድ ጥያቄ መጣብኝ። «ልብስህን ማን ነው የሚያጥብልህ?» አልኩት።

«እማዬ።»

ሁለት ዓመት የሞላት ሕፃን እህት እንዳለችው አውቃለሁ። ሌላ ምንም አልጠየቅኩትም።

በማግስቱ ቤታቸው ሄድኩ። እናቱ መምህር መጣ ብለው ተጨነቁ፤ ልጁ ያጠፋ መስሏቸው። ቡና ቀረበ። ስለ ታምቡሩ ነገርኳቸው። ስለ ቀለሙ ነገርኳቸው። ሦስት ወር ልብሱን ከሕፃኗ ልብስ ጋር በአንድ ሳፋ ሲያጥቡ እንደነበር ነገሩኝ።

«ልጄ ታሟል ነው የሚሉኝ?» አሉኝ።

«አልታመመም። የነካው ጥቂት ቀን ነው፤ አደጋው ከብዛቱ ጋር ነው የሚጨምረው። ምንም አይሆንም ብዬ ግን ልዋሽዎት አልችልም» አልኳቸው። ሕፃኗን ሐኪም ቤት እንውሰዳት፣ ደሟ ውስጥ እርሳስ መኖሩ ይመርመር፣ ወጪው የኔ ነው አልኩ።

ዝም ብለው ሲኒውን አዩ። «እርስዎስ ያኔ የት ነበሩ?»

«እዚያው ነበርኩ። ቆሜ እያየሁት ነበር።»

ሁለተኛውን ቡና ቀዱልኝ። ለረጅም ጊዜ አልተናገሩም። ከዚያ፣ «መምጣቱን አልከለክለውም፤ መኪናዋን ይወዳታል» አሉ። «ያ ልብስ ግን ሁለተኛ እኔ ቤት አይገባም።»

አልገባም። ሁለት ቱታ ገዝተናል፤ ክዳን ያለው ባልዲ ውስጥ ነው የሚቀመጡት፤ የማጥባቸው እኔ ነኝ፤ ለብቻቸው። ልጁ ከትምህርት ቤት ሲመጣ ዩኒፎርሙን ከግቢው በር ጀርባ ምስማር ላይ ይሰቅላል። ሲጨርስ እጁንና ፊቱን እስከ ክርኑ፣ እስከ አንገቱ ይታጠባል። ጫማውን ይቀይራል። ዩኒፎርሙን ለብሶ ይሄዳል። የግራ የኋላው ታምቡር ገና አልተከፈተም። ለቅዳሜ ይዘነዋል፤ መርጫው ውኃ ተሞልቶ ዋዟ አጠገብ ተቀምጧል።